ከሰላምታው በኋላ የቀረው ባንድ

ዜናው የመጣው በጎረቤታችን በጋሽ ታደሰ ስልክ ነው። አክስቴ ፀዳለ ከኦክላንድ ስትደውል እናቴ ነጠላዋን መሬት ለመሬት እየጎተተች ሮጣ ሄደች። ስትመለስ በሩ ላይ ቆማ ትንፋሿን ሰበሰበችና፣

«ፍሬ፣ ካሴቶቹን አንድ ላይ አድርጊ» አለችኝ።

«የቶቹን?»

«ፀዳለ የላከችልንን ሁሉ። አንድም እንዳይቀር። ይዘሽላት ትሄጃለሽ።»

«የት?»

«የት ይመስልሻል? አሜሪካ ነዋ።»

ከዚያ በኋላ እናቴ ያለችውን አልሰማሁም። ጓሮ ወጥቼ ከውሃው በርሜል ጋር ብቻዬን ሳቅኩ። ቪዛው እስኪመታልኝ ድረስ በናዝሬት መንገድ ላይ የምሄደው መሬት ሳልነካ ነበር፤ ጋሪ ነጂዎቹ ሳይቀሩ «ይቺ ልጅ ምን አግኝታ ነው?» ይባባላሉ። ከአስራ አንደኛ ወደ አስራ ሁለተኛ ክፍል ያለፍኩበት ክረምት ነው። የአማርኛ አስተማሪያችን «ስትመለሺ ጻፊው፤ ያየሽውን ብቻ ሳይሆን የሆንሽውንም» ስላሉኝ ይኸው ጻፍኩ። ደስታዬን ከፊት ያስቀደምኩት እንዳይጠፋብኝ ነው። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ደስ የሚል አይደለም።

መጀመሪያ ስለ ካሴቶቹ። አክስቴ ደብዳቤ መጻፍ አይሆንላትም፤ የምትልከው ድምፅ ነው። ከውጭ የሚመጣ ሰው ካሴት ይዞልን ይመጣል፣ ቤተሰቡ ቴፑን ከብቦ ይሰማል፣ ነፍሷን ይማረውና አያቴ «እሺ ልጄ፣ እግዜር ይስጥልኝ ልጄ» እያለች ለቴፑ መልስ ትሰጠው ነበር። አክስቴ «በሉ እንግዲህ በሰላም ያገናኘን» ስትል ግን ነገሩ አያልቅም። ቴፑ ቀጭ ይላል። ከዚያ አንድ ትልቅ ነገር ጣውላ ላይ የሚላጋ የመሰለ ድምፅ ይመጣል፤ ጊታር ይጮኻል፤ አንድ ወንድ አንዴ እንደ ውሻ እያላዘነ አንዴ እንደ አዋጅ ነጋሪ እየጮኸ ይዘፍናል። አያቴ «ያ ጋኔን መጣ፣ አጥፉት» ትላለች። ሁሉም ይነሳል። እኔ እቀራለሁ። ስለዚህ የዚያን ባንድ ዘፈኖች ጭራ ጭራቸውን በቃሌ አውቃለሁ፤ መጀመሪያቸውን ግን አንድም ቀን ሰምቼ አላውቅም።

ባንዱ «ራስቲ ኸርስ» ይባል ነበር፤ የዛገ የሬሳ መኪና እንደማለት ነው። ሙዚቃው ሳይኮቢሊ ይባላል። የአሜሪካ አባቶች ይጨፍሩበት የነበረውን የድሮ ዘፈን ወስደው እንደ ፓንክ በጩኸትና በጥድፊያ ይጫወቱታል። ግጥሙ ስለ መቃብር፣ ስለ ጭራቅ፣ ስለ ተገለበጠ መኪና ነው። ከሰው የሚረዝም ቤዝ የሚሉትን የክር መሣሪያ አቁመው ክሩን በመዳፋቸው ይመቱታል፤ የሚላጋው እሱ ነው። በዚያ አካባቢ ይህን ሙዚቃ ከጀመሩት አንዶቹ እነሱ ናቸው። የሚለማመዱት አክስቴ አሜሪካ እንደገባች ከተከራየቻት ክፍል ሥር ባለው ጋራዥ ነበር፤ በተለማመዱ ቁጥርም በካሴት ይቀዱ ነበር። ሲበተኑ ካርቶን ሙሉ ካሴት ትተው «ይሄን ጣይልን» ብለዋት ሄዱ። አክስቴ ደግሞ የሚሠራ ዕቃ መጣል አትችልም። ሌላ እንዳይቀዳባቸው የተከፈቱትን የካሴቶቹን ትንንሽ ቀዳዳዎች በወረቀት እየደፈነች በላያቸው ላይ ሰላምታዋን ቀዳችልን።

በኋላ ዘፋኙ ሬይ ሞተ። ያኔ ማንም ከቁም ነገር ያልቆጠረው ባንድ ዛሬ እዚያ አገር ባሉ ወጣቶች ዘንድ እንደ አባት ይታያል፤ ከእነሱ የተረፈው ግን ሁለት ዘፈን ያለባት አንዲት ትንሽ ሸክላ ብቻ ናት። ጊታር ተጫዋቹ ዴኒ አክስቴን ፈልጎ «ያ ካርቶን የት ደረሰ?» ቢላት «ናዝሬት» አለችው። እኔ የሄድኩት በዚህ ነው።

ረቡዕ

አባቴ እስከ ቦሌ ሸኘኝ። ሻንጣዬ በበሶና በበርበሬ ስለሞላ ካሴቶቹን እናቴ በሰፋችልኝ የአቡጀዲ ቦርሳ ያዝኳቸው። አንድ የክፍል ጓደኛዬ የኤርፖርት ራጅ ካሴት ያጠፋል ብሎኝ ነበርና ፍተሻው ጋ ስደርስ ቦርሳዬን አቅፌ ቆምኩ።

«አስቀምጪው እንጂ የኔ እህት፣ ሰው እየጠበቀ ነው» አለኝ ፈታሹ።

«በእጅዎ ይፈትሹልኝ። ራጁ ያጠፋብኛል።»

«ምን ተቀድቶበት ነው?»

«የአክስቴ ድምፅ።»

«ይሄ ሁሉ?»

አንዱን መዘዘና ጠረጴዛው ሥር የነበረ ቴፕ ውስጥ ከተተው። የገጠመው ጭራው ነው። ቤዙ ተላጋ፣ ሬይ አላዘነ። ከኋላዬ የቆሙት ሴትዮ አማተቡ።

«አክስትሽን ማን እየደበደባት ነው?» አለ ፈታሹ። እሱ እየሳቀ፣ እኔ እያላበኝ፣ አንድ በአንድ በእጁ አገላብጦ አሳለፈልኝ። ኋላ ዴኒ ስነግረው ራጅ ካሴትን ምንም አያደርገውም አለኝ። ጓደኛዬን ከተመለስኩ ወዲህ አላነጋገርኩትም።

አውሮፕላኑ ላይ አጠገቤ የተቀመጡት ልጃቸውን ሊጠይቁ የሚሄዱ ሽማግሌ ነበሩ። ቦርሳውን አቅፌ ማንቀላፋት ሲያቅተኝ አይተው «ወዲህ በይ፣ እኔ እንደሆን እንቅልፍ ከተወኝ ቆይቷል» ብለው ጭናቸው ላይ አደረጉት። ፍራንክፈርት ስንደርስም እሳቸው እንደያዙት ነበር። ስማቸውን ሳልጠይቅ ተለያየን፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

ሐሙስ

የአክስቴ ባል ጋሽ ንጉሤ ተቀበሉኝ። ከኤርፖርት ሰው የሚያመላልስ ሻትል ነው የሚነዱት። ስስ አበባማ ቀሚስ ለብሼ ስወጣ ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ላንጋኖ ነው የመጣሽው?»

«በጋ ነው ስላሉኝ ነው።»

«በጋማ ነው። እዚህ በጋ ማለት እንዲህ ነው።»

ጉሙ ኮረብታውን በልቶ ድልድዩን ሊበላ ይወርድ ነበር። በናዝሬት በሐምሌ ዝናብ ቢዘንብም መሬቱ ይሞቃል፤ እዚያ ዝናብ የለም፣ ብርዱ ግን አጥንት ውስጥ ይገባል። ጋሽ ንጉሤ የሥራ ጃኬታቸውን አውልቀው ደረቡልኝ። በስተቀኝ ኪሱ ላይ ስማቸው የተጠለፈበት ስለሆነ ያን ሳምንት ያየኝ ሁሉ «ሃይ ንጉሤ» እያለ ሲስቅብኝ ከረመ።

አክስቴ በሩ ላይ አቅፋኝ ብዙ ቆየች። ከዚያ የአቡጀዲውን ቦርሳ አየችው፤ አልነካችውም። «ኮት ማንጠልጠያው ጋ አድርጊው» ብቻ አለችኝ። ከእኔ በዕድሜ ትንሽ የምታንሰው ልጇ ሩት ደረጃው ላይ ተቀምጣ ታየኛለች። አማርኛ ይገባታል፣ አይወጣላትም። «እንዴት ነሽ?» ስላት «ጉድ፣ ጉድ» ትለኛለች፤ ደህና ነኝ ማለቷ ነው። ጋሽ ንጉሤ «ጉድስ አንቺ ነሽ» ይሏታል።

ጤፍ ስለማይገኝ እንጀራቸው ነጭ ሆኖ ዳቦ ዳቦ ይላል። እኔ ለትሕትና ስበላ እነሱ ያመጣሁትን በሶ በጥብጠው እንደ ውድ ነገር ይጠጡ ነበር። የሚገርመው፣ ሁለታችንም በሌላው ምግብ ቀናን።

አክስቴ ያኔ አንድ ክፍል የተከራየችበትን ቤት ኋላ ሙሉውን ስለያዙት ጋራዡ እዚያው ነው፤ ከእራት በፊት ሩት አሳየችኝ። አሁን የሷ አሮጌ ብስክሌትና የክረምት ብርድ ልብስ ነው ያለበት። ሲሚንቶው ላይ ግን አንድ ቦታ ተሰብስበው ትንንሽ ጉድጓዶች አሉ፤ የቤዙ የብረት እግር እየወጋ የቆፈራቸው ናቸው። ሬይ ዘፋኝም ቤዝ መቺም ነበር። ካሴቱ ውስጥ ሲላጋ ስሰማው የኖርኩት ነገር እዚህ ቆሞ ነበር። ጫማዬን አውልቄ የእግሬን አውራ ጣት አንዱ ጉድጓድ ውስጥ ከተትኩ። ሩት እብድ ነሽ አለችኝ፤ ቀጥላ ግን የሷንም ከተተች።

ዓርብ

ዴኒ መጣ። ቤት ቀቢ ነው፤ ሱሪው ላይ የሰው ሁሉ ሳሎን ቀለም አለ። ፀጉሩ ፊት ለፊት የቆመ እንደነበር ያስታውቃል፣ የሚቆመው ግን አልቋል። ለአክስቴ «ሚስ ፀዳለ» ብሎ አንገቱን ሰበር አደረገላትና ቦርሳዬ አጠገብ ምንጣፉ ላይ ተንበረከከ።

አንድ በአንድ አጫወትን። አክስቴ ማድ ቤት ገብታ የታጠበ ዕቃ ታጥባለች። በእያንዳንዱ ካሴት መጀመሪያ ላይ የሷ ድምፅ ረጅም ሰዓት ይናገራል፣ ከዚያ ጭራው ይመጣል፤ አንዳንዱ ጋ ከበሮ ብቻ፣ አንዳንዱ ጋ ግማሽ ስንኝ። ዴኒ መጀመሪያ ላይ ፈገግ ይል ነበር። እየቆየ እጁን አፉ ላይ አደረገ።

«ሚስ ፀዳለ ላይ አልተቆጣሁም» አለ። ሩት ናት የምትተረጉምልኝ። «ጣይው ያልናት እኛ ነን። እሷ ባትኖር ይሄም አይኖርም። ግን አንድ የምፈልገው ዘፈን አለ።»

ሬይ ቀስ ያለ ዘፈን የሠራው አንድ ብቻ ነው አለ፤ ለእናቱ። እናቱ ወይዘሮ ዶሎረስ ሳን ሆዜ ይኖራሉ። አጥባቂ ካቶሊክ ናቸው። የልጃቸውን ሙዚቃ የሰይጣን ነው ብለው አንድም ቀን ሄደው ሳይሰሙት፣ እሱም ያን ዘፈን ለማሰማት ድፍረት ሳያገኝ፣ ሞተ። አሁን ዴኒን በየሳምንቱ የሚጠይቁት አንድ ነገር ነው፦ «አንዴ ሲዘፍን አሰማኝ።» ትንሿን ሸክላ ወስዶ አጫውቶላቸው ነበር። እዚያ ላይ ሬይ የሚጮኸው እንደ ጭራቅ ሆኖ ነው። «ይሄ እሱ አይደለም» አሉት።

«ቀስ ያለ? እኔ አውቀዋለሁ» አልኩና አንጎራጎርኩለት።

ዴኒ የያዘውን የሻይ ኩባያ ምንጣፉ ላይ አስቀመጠ። «ከየት አመጣሽው?»

ቦርሳውን በርብሬ ገና ያልደረስንበትን፣ ቀይ ስካች የተለጠፈበትን ካሴት አወጣሁ። «እዚህ ላይ ነው። ግን ጭራው ብቻ ነው፤ አጭር ነው።»

እንዳጫውተው እጄን ስዘረጋ ያዘኝ። «አይሆንም። መጀመሪያ እሳቸው ይስሙት።» ካሴቱን መልሶ በሁለት እጁ ሰጠኝ። ከማድ ቤት የውሃው ድምፅ ቆሞ ነበር።

ቅዳሜ

ዴኒ እኔንና ሩትን ኦክላንድ አፕታውን ወደሚገኝ አንድ አሮጌ አዳራሽ ወሰደን። ከሰዓት በኋላ ወጣቶች የሚጫወቱበት ነው። አክስቴ «ጆሯችሁን ፕሮቴክት አድርጉ» ብላ ጥጥ ሰጠችን።

ልጆቹ ጎንና ጎን ፀጉራቸውን ተላጭተው መሐሉን እንደ ዶሮ ኩክኒ አቁመውታል። ቤዛቸው ላይ የራስ ቅል ቀብተውበታል። በር ላይ ሳያቸው ፈርቼ ሩትን ያዝኳት፤ ከመካከላቸው አስፈሪው ግን «ይቅርታ» ብሎ የራሱን ወንበር አመጣልኝ። ዴኒ በሩ ላይ ሲታይ፣ እኛ አገር ትልቅ ሰው ሲገባ ብድግ እንደምንለው፣ የተቀመጡት ተነሱ። በቀለም ሱሪው አፈረ።

የራስቲ ኸርስን ዘፈኖች ተጫወቱ። ከሸክላዋ ላይ ያሉትን ሁለቱን አሳምረው፤ ሌላውን የድሮ ሰዎች ሲናገሩ ከሰሙት እየገጣጠሙ። አንዱ ላይ ሲደርሱ ቆሙ። ቤዝ መቺዋ፣ ክንዷ ላይ የሸረሪት ድር የተነቀሰች ረጅም ልጅ፣ «ከዚህ በኋላ እንዴት እንደሚያልቅ የሚያውቅ የለም» አለች።

እኔ አውቃለሁ። ሩት ጎኔን ወጋችኝ። ተነስቼ፣ የንጉሤ ጃኬት እንደለበስኩ፣ አዜምኩት። ልጅቷ ቤዟን ተከትላ መታች፣ ከዚያ ሁሉም ገቡበት። ናዝሬት ሁሉም ሰው ተነስቶ ሲሄድ ብቻዬን ስሰማው የኖርኩት ነገር በመቶ እግር ተመታ። ያን ቀን የተደሰትኩትን ያህል ተደስቼ አላውቅም።

ስንወጣ ግን ዴኒ መኪናው ውስጥ ገብቶ ሳያስነሳው ቆየ። «መጨረሻውን ስሰማ መጀመሪያው ትዝ ይለኛል ብዬ ነበር» አለ። «አልመጣልኝም። ራሴ የሠራሁት ነው እኮ።»

እሁድ

የአክስቴ ቤተ ክርስቲያን ኦክላንድ አጠገብ ኤል ሴሪቶ ነው፤ የፈረንጆቹ ጸሎት ሲያበቃ አዳራሹን የአማርኛው ጉባኤ ይረከባል። አክስቴ ሌሊቱን አልተኛችም። የያዝኳቸው ካሴቶች የካርቶኑ ሁሉ አልነበሩም፤ ያኔ ከካርቶኑ እያነሳች ለጓደኞቿ ሁሉ ሰጥታ ነበር፣ እነሱም ለየዘመዳቸው ድምፃቸውን ልከውበታል። ማስታወቂያ ሲነገር እጇን አውጥታ ተነሳች።

«ወገኖቼ፣ ያኔ ከኔ ካሴት የወሰዳችሁ እባካችሁ ንገሩኝ። የሰው አደራ ነው።»

አንዱ ከኋላ፣ «እትዬ ፀዳለ፣ ያ ጩኸት ያለበት? እኔ ካሴቱ ተበላሽቶ መስሎኝ ነበር» አለ። ሰው ሳቀ።

«የኔ አርባ ምንጭ ነው ያለው።»

«የኔ ካርቱም ቀርቷል፣ ወንድሜም ከዚያ ሄዷል።»

«እህቴ በላዩ መዝሙር ቀዳችበት። ጥሩ መዝሙር ነው» አሉ አንዲት ሴትዮ።

ሌላዋ፣ ከሆስፒታል ሥራ ዩኒፎርሟን ሳትቀይር የመጣች፣ ቆየት ብላ ተናገረች። «እኔ የወሰድኩት አንዱ ላይ ቀስ ያለ ዘፈን ነበር። እንዲያውም አዘንኩለትና ከዘፈኑ በፊት ነው ያቆምኩት።»

አክስቴ ወንበሩን ጨበጠች። «የት ላክሽው?»

«ለእህቶቼ ነው። አንዷ ጅማ፣ አንዷ ደሴ። ለየትኛዋ እንደሆነ እንጃ። የጅማዋ ቤት ቀይራለች። የደሴዋ ደግሞ ስልክ የላትም።»

ስንመለስ ጋሽ ንጉሤ አክስቴን በመኪናው መስታወት አዩዋትና «ዎሪ አታድርጊ፣ ፀዱ። ጅማና ደሴ ናቸው፣ ጨረቃ አይደሉም» አሉ። አልሳቀችም።

ሰኞ

ሳን ሆዜ ከኦክላንድ በስተደቡብ ነው፤ ከዴኒ ጋር ሁላችንም ሄድን። ጉሙ ወደ ኋላ ቀርቶ ፀሐይ ወጣ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ናዝሬት ናዝሬት የሚል ሙቀት አገኘሁ። ካሴቱን እንዳይሞቅበት ብዬ ቀሚሴ ሥር ያዝኩት።

ወይዘሮ ዶሎረስ አጭር፣ ፀጉራቸውን ወደ ኋላ የጠቀለሉ፣ ዓይን ዓይን የሚያዩ ሴት ናቸው። ዴኒን ጉንጩን ነካ አድርገው አሳለፉት፤ እኔን ያዙኝ። «አንቺ ነሽ ልጄን የምታውቂው?» አሉኝ። ጠረጴዛው ላይ የተፈጨ ባቄላ፣ ሩዝ፣ እንደ ቂጣ የሳሳ የበቆሎ እንጀራና ሚጥሚጣችንን የሚያስንቅ ቃሪያ ነበር። ማንም አልጀመረም።

ዴኒ ቴፑን ሰክቶ ወደ ጭራው ሊያጠነጥነው ሲል፣

«ከመጀመሪያው» አሉ።

«ዶሎረስ፣ መጀመሪያው ላይ የለም። ጠፍቷል። የሚሰማው የሚስ ፀዳለ ድምፅ ነው።»

«ገብቶኛል። ከመጀመሪያው።»

የአክስቴ የወጣትነት ድምፅ ወጣ። ወይዘሮ ዶሎረስ ሩትን «ምን ትላለች?» ብለው ጠየቋት። ሩት እናቷን አየች፤ አክስቴ ጠረጴዛውን ታያለች። ሩት በእንግሊዝኛ ጀመረች። «ደህና ነኝ ትላለች። አይበርደኝም ትላለች። ቤታችን ሰፊ ነው፣ ፀሐይ ይገባዋል ትላለች።»

ጋሽ ንጉሤ በአማርኛ ለራሳቸው አጉረመረሙ፦ «አንድ ክፍል። መስኮቷ ግድግዳ ነበር የምታየው።»

ሩት ይህንንም ተረጎመችው። ድምፁ «በሉ እንግዲህ» አለና አሁን ሊያልቅ ነው ስንል «ቆይ፣ ሰላምታ አለብኝ» ብሎ እንደገና ጀመረ። ለእትዬ በላይነሽ ሰላም በሉልኝ። ለጋሽ ታደሰ ከነቤተሰባቸው። ለወፍጮ ቤቱ ጋሽ ከድር። ለእትዬ በላይነሽ የበኩር ልጅ፣ ለሁለተኛዋ፣ ለሠራተኛቸውም። ስም ስም ስም።

«እነዚህ ሁሉ እነማን ናቸው?» አሉ ወይዘሮ ዶሎረስ።

«ጎረቤቶች» አለች ሩት።

እኔ ግን አውቃቸዋለሁ፤ ለምን እንደተጠሩም አውቃለሁ። ከዚያ በፊት በነበረው ካሴት አክስቴ እትዬ በላይነሽን ሳትጠራ ቀርታ፣ እሳቸው ተቀይመው፣ ቡና ሳይጠሩን ከርመው ነበር። እናቴ በመልሱ ካሴት ላይ «ሰው እያስቀየምሽ ነው፤ ስም አትዝለዪ» ብላታለች። ስለዚህ አክስቴ በዚህኛው ላይ ማንንም አልዘለለችም። ለካ ከያንዳንዱ ስም ሥር አንድ ስንኝ ይጠፋ ነበር። ናዝሬት ሆነን ይህን ሰላምታ ስንሰማ «አሁንስ ፀዳለ አበዛችው» እያልን እንስቅ ነበር።

«በሰላም ያገናኘን።» ቀጭ።

ቤዙ በዝግታ መጣ። አልተላጋም፤ በጣት ነበር የሚነካው። ሬይ ሳያላዝን፣ ሳይጮህ፣ የታመመ ሰው አጠገብ እንደሚዘፈነው ባለ ድምፅ አንድ ስንኝ ዘፈነ፣ ከዚያ ያለ ቃል አንጎራጎረ፤ ያቺ እኔ የማውቃት ዜማ ናት። አለቀ። አንድ ሰው አስነጠሰ። ሬይ ሳቀና «አንዴ እንድገመው፣ ሌላ ካሴት አግባ» አለ። ከዚያ ሺሺሺ የሚል ባዶ።

ዴኒ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። «ያስነጠስኩት እኔ ነኝ» አለ።

ወይዘሮ ዶሎረስ ተነስተው በጓሮ በር ወጡ። አክስቴ ትንሽ ቆይታ ተከተለቻቸው። በመስኮቱ አየኋቸው፤ ተራርቀው ቆመው ነበር፣ አክስቴ እጆቿን እንደ ቤተ ክርስቲያን አጣምራ። ምን እንደተባባሉ አልሰማሁም። ባቄላው ቆዳ አወጣ። ሲገቡ ሴትዮዋ ቀድመው ተቀመጡና ለአክስቴ ምግብ አነሱላት። አክስቴ ጎረሰች።

«ያቺ በላይነሽ» አሉኝ ወይዘሮ ዶሎረስ፣ «ስሟን ስትሰማ ምን አለች?»

«ታረቁ» አልኳቸው። «ካሴቱን ሁለቴ አስደግመው ሰሙት።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። «እኔና ሬይ በዚህ ነገር አልታረቅንም» አሉ።

ያን ከሰዓት ጭራውን ብዙ ጊዜ ሰማነው። ሴትዮዋ አላለቀሱም። በመጨረሻ አካባቢ ዜማውን አብረው ማንጎራጎር ጀመሩ፣ ትንሽ ዘግይተው፣ ልክ እኔ በልጅነቴ ቴፑን እየተከተልኩ እንደማደርገው። ካሴቱን ትቼላቸው መጣሁ። በእሱ ላይ አያቴን «እሺ ልጄ» ያሰኛት ድምፅም አለ፤ እናቴ ስነግራት «ይሁን፣ እሷ ሁለት ልጅ የላትም» አለችኝ።

ለአገሬ ሰዎች

በር ላይ ሲሸኙኝ ወይዘሮ ዶሎረስ ክንዴን ይዘው ለአገርሽ ሰዎች ንገሪያቸው ያሉኝ መልእክት አለ፤ ይህን ሁሉ የጻፍኩትም ለእሱ ነው። ሬይ «ሌላ ካሴት አግባ» ብሎ የደገመው ዘፈን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ዛሬ ጅማ ወይም ደሴ ወይም እኛ በማናውቀው ቤት ቁም ሳጥን ውስጥ ይኖራል። ምናልባትም በላዩ ላይ መልስ ተቀድቶበታል። ያቺ የሆስፒታል ሠራተኛ ለእህቶቿ ጽፋለች፤ እስካሁን ምላሽ አላገኘችም።

ስለዚህ ኦክላንድ ዘመድ ያላችሁ፣ ያኔ የተላከላችሁን ካሴት አውጡ። ሰላምታው ሲያልቅ አታጥፉት፣ ተቀመጡ። ቤዙ በጣት ሲነካ ከሰማችሁ ናዝሬት እኛ ቤት ኑ፤ መንገደኛ እስኪገኝ በአደራ አስቀምጣለሁ። እዚያው አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ በቀጥታ ሳን ሆዜ ወይዘሮ ዶሎረስ ዘንድ ሂዱ። ካሴቱ የጠፋባችሁ ብትሆኑም፣ ዜማው ብቻ ጆሯችሁ ውስጥ ቀርቶ ከሆነ፣ እሱኑ ይዛችሁ ሂዱ፤ «መጥተው ያንጎራጉሩልኝ» ብለዋል። መጀመሪያ ያበሏችኋል። ከዚያ ወንበራቸውን ወደ እናንተ ሳብ አድርገው ይሰማሉ።